ኦቲዝም በሕፃናት ላይ፤ ምልክቶቹና የቤተሰቡ ማኅበራዊ ገጽታ

ኦቲዝም በሕፃንነት ዕድሜ የሚጀምር፣ ሕፃኑ ከሰዎች ጋር የሚግባባበትን፣ የሚነጋገርበትንና የሚጫወትበትን መንገድ የሚለውጥ የአእምሮ እድገት ችግር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ግምት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ ከ127 ሰዎች መካከል አንዱ ኦቲዝም ነበረበት። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባዔም እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳለፈው ውሳኔ መጋቢት 24 ቀን የዓለም የኦቲዝም ግንዛቤ ቀን ሆኖ እንዲታሰብ ያደረገ ሲሆን፣ ዕለቱ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በየዓመቱ ሲከበር ቆይቷል።

ይህን ግምት ወደ አንድ ወረዳ አውርዶ መመልከት የጉዳዩን ስፋት ለመረዳት ያግዛል። ስሌቱ እንደሚያሳየው 40 ሺ ሕፃናት በሚኖሩበት ወረዳ ከ300 በላይ ኦቲዝም ያለባቸው ሕፃናት ሊኖሩ ይችላሉ። በጤና ጣቢያ መዝገብም ሆነ በትምህርት ቤት የምዝገባ ቅጽ ላይ ተለይተው የሚታወቁት ግን ከዚህ እጅግ ያነሱ ናቸው። የቀሩት ሕፃናት የት እንዳሉ የሚያውቁት በአብዛኛው እናቶቻቸውና የቅርብ ጎረቤቶቻቸው ብቻ ናቸው።

በዚህ ጽሑፍ ኦቲዝም በሕፃናት ላይ የሚያሳያቸውን ምልክቶች፣ ስለ መንስኤው የሚታወቀውንና የማይታመነውን፣ እንዲሁም ችግሩ በየትኛው የኅብረተሰብ ክፍል ውስጥ እንደሚገኝ ሲሰነዘሩ የቆዩ አስተያየቶችን እንመለከታለን። ይህ የመጨረሻው ነጥብ በተለይ የመንግሥት ሠራተኞችንና የሥራ ኃላፊዎችን የሚመለከት ነው። ምክንያቱም በመዝገብ ላይ የሰፈሩት ሕፃናት ማንነት ስለ ኦቲዝም ከሚነግረን ይልቅ አገልግሎቱ እስከ የት እንደደረሰ የሚነግረን ይበልጣልና።

ኦቲዝም እንዴት ታወቀ?

“ኦቲዝም” የሚለውን ቃል እ.ኤ.አ. በ1911 አካባቢ በጽሑፍ የተጠቀመበት ኦይገን ብሎይለር የተባለ የስዊዘርላንድ የአእምሮ ሐኪም ነው። ቃሉ “ራስ” ከሚል የግሪክ ሥር የመጣ ሲሆን፣ ሐኪሙ ይገልጽበት የነበረው በስኪዞፍሬኒያ የታመሙ ሰዎች ወደ ራሳቸው ዓለም የሚያፈገፍጉበትን ሁኔታ ነበር። ዛሬ የምናውቀውን ትርጉም ያገኘው ግን እ.ኤ.አ. በ1943 በአሜሪካ ባልቲሞር ከተማ በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ይሠራ የነበረው ሊዮ ካነር የ11 ሕፃናትን ታሪክ በዝርዝር ባሳተመበት ጊዜ ነው። ከእነዚህ ሕፃናት ስምንቱ ወንዶች፣ ሦስቱ ሴቶች ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ሃንስ አስፐርገር የተባለ የቪየና ሐኪም ተቀራራቢ ባሕርይ ያላቸውን ሕፃናት ሁኔታ ገለጸ።

ለበርካታ ዓመታት የተለያየ ስም ይሰጣቸው የነበሩት እነዚህ ሁኔታዎች አሁን በአንድ መጠሪያ ሥር ይጠቃለላሉ። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ፣ የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው 11ኛው የበሽታዎች ምደባ፣ ኦቲዝም መጠኑና መልኩ ከሰው ሰው የሚለያይ አንድ ሰፊ ችግር ተደርጎ ተወስዷል። በመሆኑም አንድም ቃል የማይናገር፣ ምግብና ንጽሕናው በሌላ ሰው እጅ የሆነ ሕፃን ኦቲዝም ሊኖርበት እንደሚችል ሁሉ፣ በትምህርቱ ጎበዝ ሆኖ ከእኩዮቹ ጋር ወዳጅነት መመሥረት የተሳነው ተማሪም ኦቲዝም ሊኖርበት ይችላል።

ምልክቶቹ

ኦቲዝም በደም ምርመራ ወይም በራጅ አይታወቅም። ባለሙያው የሚለየው የሕፃኑን ባሕርይ በመመልከትና የእድገቱን ታሪክ ከወላጆች በመጠየቅ ነው። ምልክቶቹም በሁለት ዋና ዋና ክፍሎች ይከፈላሉ።

የመጀመሪያው ክፍል ከሰዎች ጋር መግባባትን የሚመለከት ነው። ሕፃኑ ስሙ ሲጠራ ዞር አይልም። እናቱ ፈገግ ስትልለት መልሶ ፈገግ አይልም። የሚፈልገውን ነገር በጣቱ ከማመልከት ይልቅ የአዋቂውን እጅ ይዞ እንደ መሣሪያ ወደሚፈልገው ነገር ይጎትታል። አውሮፕላን ሲያልፍ ወይም ውሻ ሲያይ “እዩልኝ” በሚል ስሜት ወደ ወላጆቹ አይመለከትም። የሰፈር ልጆች እቃ እቃ ሲጫወቱ፣ አንዷ እናት፣ ሌላው ልጅ ወይም እንግዳ ሆነው ቡና ሲያፈሉ፣ እርሱ ከጎናቸው ተቀምጦ ቆርኪ በመስመር ይደረድራል።

የንግግር ሁኔታም ከሕፃን ሕፃን ይለያያል። አንዳንዶች ከነጭራሹ አፍ አይፈቱም። ሌሎች ይናገራሉ፤ ነገር ግን የሰሙትን እንዳለ ይደግማሉ። ለምሳሌ እናቱ ዘወትር “ውሃ ልስጥህ?” ስትለው የሰማ ሕፃን ውሃ ሲጠማው ራሱ “ውሃ ልስጥህ?” ሊል ይችላል። ይህ ለሰሚው የማሾፍ ወይም የመሳት ምልክት ይመስላል። በእርግጥ ግን ሕፃኑ ፍላጎቱን ለመግለጽ ያለውን ቃል እየተጠቀመ ነው።

ሁለተኛው ክፍል የተደጋገመ ባሕርይንና የተወሰነ ፍላጎትን የሚመለከት ነው። እጅን ማርገብገብ፣ በአንድ ቦታ መሽከርከር፣ ወደፊትና ወደኋላ መወዛወዝ፣ የመኪና አሻንጉሊትን ከመንዳት ይልቅ ጎማውን ብቻ ለረዥም ጊዜ ማሽከርከር በብዛት የሚታዩ ናቸው። የዕለት ተዕለት ሥርዓት ሲለወጥ፣ ለምሳሌ ወደ ገበያ የሚኬድበት መንገድ ሲቀየር ወይም የተለመደው ኩባያ ሲጠፋ፣ ሕፃኑ ከፍተኛ ጭንቀትና ለቅሶ ውስጥ ሊገባ ይችላል። በስሜት ሕዋሳት በኩልም ለየት ያለ ሁኔታ ይታያል። የድምፅ ማጉያ ወይም የሙቀጫ ድምፅ ጆሮውን ይዞ እንዲጮኽ የሚያደርገው ሕፃን፣ ወድቆ ሲቆስል ሕመም የተሰማው ላይመስል ይችላል። ከአንድ ወይም ከሁለት የምግብ ዓይነት በስተቀር የማይቀምሱ፣ አዲስ ልብስ ሰውነታቸውን ሲነካ የማይችሉም አሉ።

ወላጆችና የጤና ባለሙያዎች በየዕድሜው ሊያስተውሏቸው የሚገቡ ምልክቶች አሉ። ሕፃኑ አንድ ዓመት ሲሞላው “ባባ”፣ “ታታ” የመሳሰሉ ድምፆችን የማያሰማ ወይም በእጁ የማያመለክትና የማይሰናበት ከሆነ፣ በ16 ወር አንድም ቃል ካልተናገረ፣ በሁለት ዓመት ዕድሜው ሁለት ቃላትን አጣምሮ በራሱ መናገር ካልቻለ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በማናቸውም ዕድሜ ጀምሮት የነበረውን ንግግር ወይም ማኅበራዊ ባሕርይ ካጣ፣ ሳይዘገይ ምርመራ ሊደረግለት ይገባል። ከእነዚህ አንዱ መታየቱ ብቻውን ኦቲዝም መኖሩን አያረጋግጥም። የመስማት ችግርም ተመሳሳይ ሁኔታ ሊያስከትል ስለሚችል የጆሮ ምርመራ ቅድሚያ ከሚሰጣቸው መካከል ነው።

በአገራችን ባህል ሁለት ነገሮች ምልክቱን ሊሸፍኑት ይችላሉ። አንደኛው ልጅ በታላላቆች ፊት ዓይኑን ዝቅ እንዲያደርግ የሚሰጠው ሥነ ምግባር ነው። የዓይን ግንኙነት ማነስ ከሌሎች ምልክቶች ተነጥሎ ሲታይ ጨዋነት እንጂ ችግር አይመስልም። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ሕፃኑ እንግዳን አተኩሮ ማየቱ ሳይሆን ከእናቱ ጋር ሲጫወት ፊቷን የሚመለከት መሆን አለመሆኑ ነው። ሁለተኛው “ወንድ ልጅ አፉን የሚፈታው ዘግይቶ ነው፤ አባቱም እንዲሁ ነበር” የሚለው ማጽናኛ ነው። በመልካም ልብ የሚነገር ቢሆንም፣ ለሕፃኑ እጅግ አስፈላጊ የሆኑትን የመጀመሪያ ዓመታት በከንቱ ያሳልፋል።

ኦቲዝም ብዙ ጊዜ ብቻውን አይመጣም። የሚጥል በሽታ፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት፣ የእንቅልፍና የሆድ ችግር፣ ከመጠን ያለፈ መቅበጥበጥና ጭንቀት አብረውት ሊኖሩ ይችላሉ። ከእነዚህ ውስጥ የሚጥል በሽታ በጤና ጣቢያ ደረጃ በሚሰጥ መድኃኒት ሊታከም የሚችል በመሆኑ፣ በወቅቱ መታወቁ የሕፃኑን ሕይወት የሚታደግ ነው። ለኦቲዝሙ ራሱ ግን የሚያድን መድኃኒት የለም። በንግግርና በባሕርይ ትምህርት፣ በወላጆች ሥልጠናና በትምህርት ቤት ድጋፍ የሚገኘው ለውጥ ግን ከፍተኛ ሊሆን ይችላል።

ችግሩ በወንዶች ላይ ከሴቶች ይልቅ አዘውትሮ ይታወቃል። የዚህ አንዱ ምክንያት የሴቶች ልጆች ዝምታ እንደ ጭምትነት ስለሚቆጠር ምልክቱ ሳይስተዋል መቅረቱ መሆኑን ባለሙያዎች ይገልጻሉ።

መንስኤውና የተሳሳቱ ግምቶች

ኦቲዝም በዋነኛነት ከዘር ውርስ ጋር የተያያዘ መሆኑን ሳይንሳዊ ጥናቶች አረጋግጠዋል። ሱዛን ፎልስታይንና ማይክል ራተር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1977 በእንግሊዝ በ21 ጥንድ መንትዮች ላይ ባደረጉት ጥናት፣ ከአንድ እንቁላል ከተገኙ መንትዮች መካከል በአንዳንድ ጥንዶች ሁለቱም ልጆች ኦቲዝም ያለባቸው ሆነው ሲገኙ፣ ከሁለት እንቁላል በተገኙት ዘንድ ግን እንዲህ ያለ አንድም ጥንድ አልተገኘም። ከዚያ ወዲህ በተደረጉ ጥናቶች በመቶዎች የሚቆጠሩ ከችግሩ ጋር የተያያዙ ዘረ መሎች ተለይተዋል። የወላጆች ዕድሜ መግፋት፣ ያለ ጊዜ መወለድና በእርግዝና ወቅት የሚወሰዱ አንዳንድ መድኃኒቶች፣ ለምሳሌ ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ቫልፕሮኤት፣ ችግሩ የመከሰት ዕድሉን ከፍ እንደሚያደርጉም ታውቋል።

ይህ እውቀት ከመገኘቱ በፊት ግን እናቶች ከባድ ክስ ተሸክመው ኖረዋል። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በምዕራቡ ዓለም ሕፃኑ ኦቲዝም የሚይዘው እናቱ ፍቅር ስለነፈገችው ነው የሚል አስተሳሰብ ሰፍኖ ነበር። ብሩኖ ቤተልሃይም እ.ኤ.አ. በ1967 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን አመለካከት በስፋት አሰራጭቷል። ኋላ ግን አመለካከቱ ምንም መሠረት የሌለው መሆኑ ተረጋግጦ ተቀባይነት አጥቷል። በአገራችን እናቲቱ በእርግማን፣ በኃጢአት ወይም በልክፍት ምክንያት እንዲህ ያለ ልጅ ወለደች ተብላ ስትወቀስ፣ የሚባለው ነገር ቢለያይም ጥፋቱ የሚለጠፈው በእርሷው ላይ ነው።

በሌላ በኩል የክትባት ጉዳይ ይነሳል። እ.ኤ.አ. በ1998 አንድሩ ዌክፊልድ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪምና ባልደረቦቹ በ12 ሕፃናት ላይ ተመሥርተው ባወጡት ጽሑፍ የኩፍኝ፣ የጆሮ ደግፍና የሩቤላ ጥምር ክትባትን ከኦቲዝም ጋር አያይዘው ነበር። ጽሑፉን ያሳተመው ላንሴት መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2010 ሰርዞታል፤ ሐኪሙም በዚያው ዓመት የሙያ ፈቃዱን ተነጥቋል። በዴንማርክ በ657 ሺ 461 ሕፃናት ላይ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው ጥናት ደግሞ ክትባቱ ኦቲዝምን እንደማያስከትል አሳይቷል። በአንጻሩ ኩፍኝ ያልተከተቡ ሕፃናትን የሚገድል በሽታ መሆኑ የታወቀ ነው።

የሀብታም ቤት ችግር ነውን?

ካነር የመጀመሪያዎቹን 11 ሕፃናት ታሪክ ሲጽፍ ወላጆቻቸው በአብዛኛው ከፍተኛ ትምህርት ያላቸው ሰዎች መሆናቸውን አስተውሎ ነበር። ይህ አስተያየት ለብዙ ዓመታት ኦቲዝም የተማሩና የበለጸጉ ቤተሰቦች ችግር ነው ለሚለው እምነት መነሻ ሆነ። በአፍሪካም ተመሳሳይ ሁኔታ ታየ። ቪክተር ሎተር የተባለ ተመራማሪ በተለያዩ የአፍሪካ ከተሞች የሚገኙ ተቋማትን ጎብኝቶ እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተመው ጽሑፍ ያገኛቸው ኦቲዝም ያለባቸው ሕፃናት ጥቂት ነበሩ። አንዳንድ ጸሐፊዎችም ከዚህ ተነስተው ችግሩ የምዕራባውያን ሥልጣኔ ውጤት ነው እስከማለት ደረሱ።

ይህ ድምዳሜ የተዘነጋ አንድ ጥያቄ ነበረው። ጥያቄውም በዚያ ዘመን ወደ ልዩ ሐኪም መድረስ የሚችለው የማን ልጅ ነው? የሚል ነው። ሎርና ዊንግ የተባሉት እንግሊዛዊት ሐኪም፣ ራሳቸውም ኦቲዝም ያለባት ልጅ እናት የነበሩ፣ በለንደን ካምበርዌል አካባቢ የሚኖሩ ሕፃናትን መሠረት አድርገው እ.ኤ.አ. በ1980 ባወጡት ጽሑፍ ይህን ጉዳይ አንስተዋል። ወደ ክሊኒክ የመጡትን ብቻ ከመቁጠር ይልቅ በአካባቢው ያሉት ሕፃናት ሁሉ ሲታዩ፣ ችግሩ በአንድ የኑሮ ደረጃ ላይ ብቻ የማይወሰን መሆኑን አሳዩ። ቀደም ሲል የታየው ልዩነት የበሽታው ሳይሆን የአገልግሎቱ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የተገኙ መረጃዎችም ይህንኑ ያጠናክራሉ። የሕክምና አገልግሎት ለሁሉም ነዋሪ በሚዳረስባት በስዊድን ስቶክሆልም አካባቢ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው ጥናት እንዳመለከተው፣ ኦቲዝም ይበልጥ የታየው ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው ቤተሰቦች ልጆች ላይ ነበር። በአሜሪካ ለረዥም ጊዜ በነጮች ልጆች ላይ ጎልቶ ይመዘገብ የነበረው ቁጥር፣ የቅድመ ምርመራ አገልግሎት እየተስፋፋ ሲሄድ ተለውጧል። የአገሪቱ የበሽታዎች ቁጥጥርና መከላከያ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ዘገባ በጥቁሮች፣ በሂስፓኒኮችና በእስያውያን ልጆች ላይ የተመዘገበው ምጣኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ከነጮች ልልቆ ታይቷል። በእነዚህ ዓመታት የተለወጠው የሕፃናቱ ተፈጥሮ ሳይሆን ምርመራው የደረሰበት ሰፈር ነው።

ኢትዮጵያን የሚመለከት አንድ ምሳሌም አለ። በእስራኤል የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመው የመዝገብ ጥናት፣ በኢትዮጵያ ተወልደው ወደዚያ ከሄዱ ሕፃናት መካከል ኦቲዝም አለበት ተብሎ የተመዘገበ አንድም ሕፃን ያላገኘ ሲሆን፣ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች እዚያው በተወለዱት ላይ ግን ችግሩ ተመዝግቧል። የአንድ ሕዝብ ልጆች ሆነው ሳለ በመዝገብ ላይ እንዲህ የተለያዩ ሆነው መገኘታቸው፣ ቁጥር ሲነበብ የሕፃናቱ የትውልድ ቦታ፣ የጉዞ ታሪካቸውና ያገኙት የጤና ክትትል አብሮ መታየት እንዳለበት ያሳያል።

የአገራችን ቤተሰቦች ሁኔታ

በኢትዮጵያ ስለ ኦቲዝም በይፋ መነገር የጀመረው በአብዛኛው በወላጆች ጥረት ነው። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ላለበት ልጃቸው የሚሆን ትምህርት ቤት በማጣታቸው እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አቋቋሙ። በማዕከሉ ሥራ ውስጥ የፊደል ገበታችንን የድምፅ አደረጃጀት በመጠቀም ሕፃናት ድምፅ እንዲያወጡና ንግግር እንዲለማመዱ የሚያግዝ ዘዴም ቀርጸዋል። ወይዘሮ ዘሚ እ.ኤ.አ. በ2021 ከዚህ ዓለም በሞት ቢለዩም የጀመሩት ሥራ ለሌሎች አርአያ ሆኗል። ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልም በተመሳሳይ መንገድ በወላጆች ተነሳሽነት የተቋቋመ ነው።

በአዲስ አበባ በሚገኙ ሁለት የሕፃናት የአእምሮ ጤና ክሊኒኮች ኦቲዝምና ሌሎች የእድገት ችግሮች ያሉባቸውን ልጆች ይዘው በመጡ 102 አሳዳጊዎች ላይ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ጥናት የቤተሰቦቹን ሁኔታ በቅርበት ያሳያል። ከተጠየቁት መካከል 45 በመቶ ያህሉ በልጃቸው ሁኔታ እንደሚያፍሩ፣ 43 በመቶ ያህሉ ሰዎች በተለየ ዓይን ያዩናል ብለው እንደሚሰጉ ገልጸዋል። ከአራቱ አንድ የሚበልጡት ደግሞ የልጃቸውን ችግር ለመደበቅ ይጥሩ ነበር። የኀፍረቱ መጠን ከአሳዳጊው የትምህርት ደረጃ ጋር ግንኙነት ያልነበረው መሆኑ በተለይ ሊስተዋል ይገባል። የተማረውም ያልተማረውም ቤተሰብ ይደብቃል ማለት ነው።

ስለ መንስኤው ሲጠየቁ 40 በመቶ ያህሉ የመንፈስ ልክፍትን፣ 27 በመቶ ያህሉ ኃጢአትን የጠቀሱ ሲሆን፣ 30 በመቶ ያህሉ የጭንቅላት ጉዳትን፣ ከአራቱ አንዱ ደግሞ በወሊድ ጊዜ የተፈጠረ ችግርን ጠቅሰዋል። ብዙዎች ሁለቱንም ዓይነት ማብራሪያ አጣምረው ይይዛሉ። ስለዚህም ቤተሰቡ ጸበልንና ክሊኒክን ጎን ለጎን መጠቀሙ የሚያስገርም አይደለም። ባለሙያው እምነቱን በመንቀፍ ቤተሰቡን ከማሸሽ ይልቅ፣ ጸበሉ ክትትሉንና በተለይም የሚጥል በሽታ መድኃኒትን እንዳያቋርጥ መምከሩ ይበልጥ ይጠቅማል።

በዚሁ ጥናት አሳዳጊዎቹ ከሁሉ በላይ እንደጎደላቸው የገለጹት መድኃኒት ወይም ገንዘብ አልነበረም። ወደ 75 በመቶ የሚጠጉት የጠየቁት ለልጃቸው የትምህርት ዕድል ነው። በዚያው ዓመት የታተመ ሌላ ጥናትም የምርመራና የትምህርት አገልግሎቱ በአብዛኛው በአዲስ አበባ የተሰባሰበ መሆኑን አመልክቷል።

የችግሩ ጫና በየቤቱ ሲታይ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ኦቲዝም ያለበት ሕፃን አደጋን ስለማይለይ ወደ መኪና መንገድ ወይም ወደ ውሃ ሊሮጥ ይችላል። ሌሊት የማይተኛ ከሆነ ወላጁም አይተኛም። ሕፃኑን የሚጠብቅ ሰው ማግኘት ስለማይቻል እናት ሥራዋን ትተዋለች። ጩኸቱ ጎረቤት ረበሸ በሚል የቤት ኪራይ ውል ይቋረጣል። ከቤት ውጭ ሠርተው ማደር ያለባቸው አንዳንድ ወላጆች ልጃቸውን ቆልፈው ወይም አስረው ለመሄድ የሚገደዱበት ሁኔታም አለ። ይህ የጭካኔ ሳይሆን የአማራጭ ማጣት ውጤት ነው። ይሁንና በሕፃኑ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት በዚህ ምክንያት አይቀንስም። ዕድሩ፣ ሰርጉና ቤተ ዘመዱም ቀስ በቀስ ይርቃሉ፤ እናቲቱ ልጇን ይዛ መሄድ ታፍራለች፤ ትታው መሄድም አትችልም።

በመሆኑም ኦቲዝም ድሃ ቤት ስለገባ ድህነትን አይፈጥርም ሊባል አይችልም። ችግሩ በሀብታምም በድሃም ቤት ይከሰታል። ልዩነቱ ያለው ከተከሰተ በኋላ ነው። አቅም ያለው ቤተሰብ ሞግዚት ይቀጥራል፣ በግል ትምህርት ቤት ይከፍላል፣ አልፎም ወደ ውጭ አገር ይሄዳል። አቅም የሌለው ቤተሰብ ግን ከሁለቱ ገቢዎች አንዱን ያጣል፤ ሕፃኑም ከሰው ዓይን ይሰወራል።

ምን ሊደረግ ይችላል?

የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት የኢኮኖሚ አቅም በፈቀደ መጠን የአካልና የአእምሮ ጉዳተኞችን ለመርዳት የሚያስችል እንክብካቤ እንደሚያደርግ ይደነግጋል። አገራችን የሕፃናት መብቶች ስምምነትን እ.ኤ.አ. በ1991፣ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ተቀብላ አጽድቃለች። ስለዚህ ለእነዚህ ሕፃናት የሚደረገው ድጋፍ በጎ ፈቃድ ብቻ ሳይሆን ሕጋዊ ግዴታም ነው።

ግዴታውን ለመወጣት አዲስ ሆስፒታል እስኪገነባ መጠበቅ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ቤት ለቤት የሚደርሱ ሠራተኞችን አሰማርቷል። ከ300 በላይ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን ያካተተ አንድ ጥናት እንዳሳየው፣ ስለ ሕፃናት የእድገት ችግር አጭር ተጨማሪ ሥልጠና የወሰዱት ካልወሰዱት ይልቅ ለኦቲዝም የነበራቸው የተሳሳተ እምነት ያነሰ፣ ለሕፃናቱ ያላቸው ቀረቤታም የተሻለ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው የአሳዳጊዎች የክህሎት ሥልጠናም ከአገራችን ሁኔታ ጋር ተጣጥሞ በአዲስ አበባና በቡታጅራ ገጠራማ አካባቢ ተሞክሯል። ሥልጠናው ልዩ ሐኪም ባልሆኑ ሠራተኞች የሚመራ ሆኖ፣ ዘጠኝ የቡድን ስብሰባዎችንና ሦስት የቤት ጉብኝቶችን ያካትታል። ወላጆች ከልጃቸው ጋር መጫወትን፣ ፍላጎቱን የሚገልጽበትን መንገድ ማስተማርንና አስቸጋሪ ባሕርይን ያለ ዱላ ማስተካከልን ይማሩበታል።

በትምህርት በኩልም ርዕሰ መምህሩ ኦቲዝም ያለበትን ሕፃን “ትምህርት ቤታችን አይችለውም” ብሎ ከመመለሱ በፊት ሊያያቸው የሚገቡ ቀላል እርምጃዎች አሉ። የዕለቱን ሥራ በሥዕል ቅደም ተከተል ግድግዳ ላይ መለጠፍ፣ ሕፃኑን ከበርና ከጩኸት አርቆ ማስቀመጥ፣ የክፍለ ጊዜ ለውጥ ሲኖር አስቀድሞ መንገር፣ ትእዛዝን በአጭር ቃል መስጠትና ድምፅ ሲበዛበት የሚያርፍበት ጸጥ ያለ ቦታ ማዘጋጀት ከፍተኛ በጀት አይጠይቁም። መምህሩ ብቻውን ሊሸከመው እንዳይገደድ ግን ረዳት መመደብና የልዩ ፍላጎት ትምህርት ባለሙያ በቅርብ እንዲከታተል ማድረግ ያስፈልጋል።

በቀበሌና በወረዳ ደረጃ ያሉ የሥራ ኃላፊዎችም የራሳቸው ድርሻ አላቸው። በቤት ለቤት ቆጠራና በድጋፍ ተጠቃሚዎች ልየታ ወቅት “አካል ጉዳተኛ አለ?” ተብሎ ሲጠየቅ ኦቲዝም ያለበት ሕፃን አይጠቀስም፤ ምክንያቱም እጁም እግሩም ሙሉ ነው። ጥያቄው “በዕድሜው ልክ የማይናገር፣ የማይግባባ ወይም ከቤት የማይወጣ ልጅ አለ?” ተብሎ ቢቀርብ መልሱ ሌላ ይሆናል። ልጇን ለመጠበቅ ሥራዋን የተወች እናትም “መሥራት የምትችል” ተብላ ከድጋፍ ዝርዝር እንዳትወጣ ሁኔታዋ በሚገባ ሊታይ ይገባል።

“በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም” የሚለው የአበው ብሂል ቤተሰቡን ብቻ የሚመለከት አይደለም። ቤተሰቡ ልጁን ይዞ ወደ አደባባይ የሚወጣው የሚቀበለው ጤና ጣቢያ፣ የሚያስተምረው ትምህርት ቤትና የሚያዳምጠው ጽሕፈት ቤት መኖሩን ሲያውቅ ነው። በአንድ ወረዳ መዝገብ ላይ ኦቲዝም ያለበት ሕፃን ቁጥር “የለም” ተብሎ ሲሞላ፣ ሪፖርቱን የሚቀበለው ኃላፊ ሕፃናቱ የት እንዳሉ መጠየቅ ይኖርበታል።